በመዝገብ ዋሻው ውስጥ የተሰማው ኮቴ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊት ያወቁትን ሁሉ በአንድ ዋሻ ውስጥ ያስቀምጡ በነበረበት ዘመን፣ የዋሻው ጠባቂ አንድ ሽማግሌ ጃርት ነበር። የትኛው ቅጠል ለእባብ ንድፊያ እንደሚበጅ፣ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ፣ አዳኝ የት ወጥመድ እንዳጠመደ ያወቀ ሁሉ መጥቶ ይነግረዋል። ጃርትም ከጀርባው አንድ ወስፌ ነቅሎ ነገሩን በዛፍ ቅርፊት ላይ ይጭርና ቅርፊቱን ከመጨረሻው ቅርፊት ቀጥሎ በግድግዳው ጥግ ያቆመዋል። የቸገረው ከደጃፉ ሆኖ ሲጠይቅ፣ ጃርት ወደ ጨለማው ገብቶ ቅርፊቶቹን በአፍንጫው እየዳሰሰ ያነብና መልሱን ይዞ ይወጣል።

ቅርፊቶቹ ጥቂት ሳሉ መልሱ ጠያቂው አረፍ ሳይል ይደርስ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቅርፊቶቹ በዙ፤ ሰልፋቸውም የዋሻውን ሆድ ተከትሎ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ሄደ። መልሱም ይዘገይ ጀመር። ጠያቂዎች ከደጃፉ ቆመው ጥያቄያቸው በጨለማው ውስጥ ሲንከራተት ይሰማሉ፤ ከዚያ ጸጥታ ይሆናል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የድኩላን ግልገል እባብ ነደፈው። እናቱ እየደገፈች አምጥታ ከዋሻው አፍ አስተኛችውና የትኛውን ቅጠል እንደምታኝክለት ጠየቀች። ጃርት እየሮጠ ገባ። ከቅርፊት ወደ ቅርፊት ሲያልፍ ከኋላው ኮቴ ሰማ። እሱ ሲቆም ኮቴው ጥቂት ተራምዶ ቆመ፤ ሲሄድም ተከተለው። ወስፌዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ዞሮ ለማየት አልደፈረም፤ ማንበቡን ቀጠለ።

መልሱን ይዞ ሲወጣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር።

«በወንዙ ዳር የሚበቅለው፣ ባለ ሦስት ጣቱ ቅጠል ነው» አላት እያለከለከ።

ድኩላ የግልገሏን ግንባር መላስ ትታ ቀና አለች። «ለማን?» አለችው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ዋሻው መልስ ይበላል የሚል ወሬ በዱሩ ተዛመተ። ጅብ ይህን ሲሰማ አንበሳ ዘንድ ሄዶ በዋሻው ውስጥ ክፉ መንፈስ እንደገባ፣ ማጉረምረሙንም በገዛ ጆሮው እንደሰማ ነገረው። መንፈሱ የሚለምነው በየቀኑ አንድ ሙዳ ሥጋ ብቻ ነው፤ ጨለማ የማይፈራ እንደ እኔ ያለ አገልጋይ ወስዶ ያቀርብለታል አለው። አንበሳ ራሱ ዋሻውን ይፈራ ስለነበር እሺ አለ። ሥጋው በየቀኑ ገባ፣ በየቀኑም ጠፋ። መልሱ ግን አልፈጠነም።

በመጨረሻ አንበሳ ጃርትን አስጠርቶ ሰባት ቀን ሰጠው። እስከዚያ መልሱ ካልፈጠነ መንፈሱ የፈለገው ጠባቂውን ነው ማለት ነው፤ ጃርት ለጅብ ይሰጥና ጅብ ለመንፈሱ ያስገባዋል። ይህ ሲነገር ጅብ ምራቁን ሲውጥ ጃርት አየው።

ጃርት ቀበሮ ጉድጓድ ደረሰና ሁሉንም ነገራት፤ ኮቴውንም ጭምር።

ቀበሮ አዳምጣ ስታበቃ «ሁሉም ጥያቄ ነው የሚዘገየው ወይስ አንዳንዱ?» አለችው።

አላውቅም አላት።

«እንግዲህ ሳታውቀው ምኑን ታክመዋለህ፣ አባ ጃርት?»

ብልጠቷን የሚያውቁ ሁሉ ብዙ ነገር ትጠይቃለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን የፈለገችው አንድ ቀጥ ያለ ዱላ፣ አንድ እፍኝ ጠጠርና ከተቃጠለው ጫካ የሚዛቅ አመድ ብቻ ነበር። ይህን የሚከለክላት ማንም የለም። ዱላውን ከዋሻው ደጃፍ ተከለች። ጥያቄ ሲገባ በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ታስቀምጣለች፤ መልሱ ሲወጣ ሌላ ጠጠር። ሁለት ቀን እንዲህ ዋለች። የምንጭ ጥያቄ ሲሆን ሁለቱ ጠጠሮች ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም፤ ጃርት የውሃውን ቅርፊቶች ድሮ በበሩ ጎን ባለች ስንጥቅ ውስጥ ለብቻቸው አስቀምጧቸው ነበር። የመድኃኒትና የወጥመድ ጥያቄ ሲሆን ግን በጠጠሮቹ መካከል ያለው ርቀት ዝሆን ያስተኛል።

በሦስተኛው ቀን አመዱን በጅራቷ እየጠረገች የዋሻውን ወለል ሁሉ አለበሰችው። ጅብ እንደ ልማዱ ሥጋውን ይዞ ገብቶ ወጣ። ጃርትም ለአንድ ጠያቂ የመድኃኒት መልስ አወጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኗ በዋሻው አፍ ገብቶ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፤ ያን ጊዜ ቀበሮና ጃርት ጎን ለጎን ሆነው ገቡ።

የጅብ ዱካ በቀጥታ ወደ አንድ ሥርቻ ይወስዳል። እዚያ የተጋጠ አጥንት ተከምሯል፤ አጠገቡ ደግሞ አንድ ሆዳም ተኝቶ የላገው መሬት ያብረቀርቃል። የመንፈስ የሚባል ዱካ አልነበረም። አንበሳ ያወጡለትን አጥንቶች ሲያይ ጅብን እስከ ወንዙ ማዶ አባረረው፤ አራዊቱም እልል ብለው ነገሩ አለቀ አሉ። ቀበሮ ግን በማግስቱ ጠዋት ተመልሳ ዱላዋ ሥር ተቀመጠች። የመድኃኒት ጥያቄ ገባ። ጠጠሮቹ እንደ ትናንቱ ተራራቁ።

«ሌባ ያዝን እንጂ በሽታውን አላገኘነውም» አለች።

አመሻሽ ላይ ጃርትን ይዛው እንደገና ገባች። ከሥርቻው ወዲያ በአመዱ ላይ የቀረው የአንድ እንስሳ ዱካ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ቅርፊት ፊት ቆሟል። አንዱንም ሳይዘል፣ አንዱንም ሳያልፍ፣ እስከ ዋሻው መጨረሻ ሄዷል። ፍለጋው የቅጠል ቢሆንም በወጥመዱም፣ በገደሉም፣ በአውሎ ነፋሱም ቅርፊት ፊት ቆሟል።

«የሚከተለኝስ?» አለ ጃርት በሹክሹክታ።

ቀበሮ አንድ ጠጠር አንስታ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታች። ጥቂት ቆይቶ ከጨለማው ጥልቀት ሁለት ምት ተመለሰ። ከዚያ በአፍንጫዋ አመዱን አሳየችው። ዱካው የእሱ ነበር። ከእሱ በቀር የማንም አልነበረም።

ጃርት ይህን ሲያይ እፎይታ ሳይሆን ብርድ ተሰማው። መንፈስ ቢሆን ይሻለው ነበር። የድኩላን ግልገል መልስ ያዘገየበት ሌላ ማንም አልነበረም፤ የገዛ እግሩ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

ቀበሮ ለማጽናናት አልቸኮለችም። «እግርህ ወዴት እንደሚሄድ የነገረው አልነበረም» አለችው። «ኋላህን እየፈራህ ፊትህን ሳታይ ቀረህ። ና፣ አሁን እንንገረው።»

ከዋሻው አፍ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቆሙ። በላዩ ላይ የእባብ ጥርስ ሣሉና ስለ እባብ የሚናገረው ቅርፊት ሁሉ ከበሩ ስንተኛው እንደሆነ በጭረት ጻፉ። ሌላ ምንም ሳይነኩ ጥላውን ለኩ። ጠጠሮቹ ተቀራረቡ። ያን ጊዜ ብቻ ወጥመድን ጨመሩ፤ ለኩ፤ ከዚያ እብጠትን ጨመሩ። ዝንጀሮ መጥቶ ለሁሉም ነገር፣ ለወፍ ላባ ቀለም ሳይቀር፣ ምልክት ይሠራ ብሎ ነበር። ቀበሮ እምቢ አለች። አዲስ ቅርፊት በመጣ ቁጥር ጃርት በየምልክቱ ላይ መጫር ይኖርበታል፤ ምልክቱ ከበዛ መጫሩ ራሱ ቀኑን ይበላዋል። አዘውትሮ ለሚጠየቀው ብቻ ይበቃል አለች።

በሰባተኛው ቀን አንበሳ መልሱ መፍጠኑን አይቶ ፍርዱን ሊሰጥ መጥቶ ከዋሻው ፊት ለፊት ተጋደመ። ጥቂት እንደቆየ ጉሬዛ ልጇን በደረቷ ታቅፋ ከዛፍ ወረደች። የልጁ እግር እባብ ነድፎት አብጦ ነበር፤ እናትየው ከድንጋጤ ብዛት ጥያቄዋን በቅጡ መናገር አልቻለችም። ጃርት በድንጋዩ ላይ የተሣለውን የእባብ ጥርስ አየ፤ ጭረቱን ቆጠረ፤ ገባ። አራዊቱ ወደ ጨለማው አፍ ተመለከቱ። የዱላው ጥላ የአንድ ጣት ስፋት እንኳ ሳይሄድ ጃርት ወጣ።

ጉሬዛ ቅጠሉን ከወንዙ ዳር ቀጥፋ፣ አኝካ፣ ቁስሉ ላይ ለጠፈችው። ልጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጥላው እየረዘመ ሄዶ የአንበሳን መዳፍ በነካ ጊዜ ልጁ አፉን ከፍቶ ማልቀስ ጀመረ። ጦጣ ዝም ልታሰኘው ብድግ ስትል አንበሳ ከለከላት።

«ተዪው፣ ያልቅስ» አለ።

አራዊቱም ልቅሶው እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጠው ሰሙት።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ በዘገየ ጊዜ መንፈስ ከመወንጀልና ለሆዳም ሥጋ ከማቅረብ በፊት፣ ጊዜውን ለክቶ የገዛ ራስን ዱካ መመርመር እንደሚገባ ነው።