ሰባት ረቡዕ

አንድ ሰው ወረቀት በብብቱ ይዞ የአንዲት እናት በር ያንኳኳል። ስሙ ኤርሱሞ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የቡድን መሪ ነበር።

የቡድን መሪ ሥራው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው ይሰጡታል። በየረቡዑ ሰብስቦ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ፣ «ነፍስህ እንዴት ናት? ነፍስሽ እንዴት ናት?» ይላል። የቀረ ካለ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት ጠብ ተነሣ። ግማሹ «ሜቶዲስት የሚለው ስም የባዕድ ነው፤ ከበራችን ይውረድ» አለ። ግማሹ «ቅርሳችን ነው፤ አይነካም!» አለ። ኤርሱሞ ለቅርሱ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ረቡዕም ነፍስ መጠየቂያ መሆኑ ቀርቶ መዶለቻ ሆነ።

እንግዲህ ያን ቀን የመጣው ስሙ እንዳይወርድ ፊርማ ሊያሰባስብ ነው። ከቡድኑ የእማማ ዘርፌ ፊርማ ብቻ ጎድሎታል። በሩ ሳይከፈት ብዙ ቆየ። እማማ በምርኩዝ እያነከሱ ከፈቱለት፤ እግራቸው በጀሶ ታስሯል።

«ምን ሆኑ፣ እማማ?»

«ወደቅሁ፣ ልጄ።»

«መቼ?»

«ሰባት ረቡዕ አለፈው።»

ሰባት ረቡዕ! ከዐሥራ ሁለት ሰው አንዷ ስትጎድል አላየም። ፊርማ ሲጎድለው ግን አየ።

እንደ ምንም ወረቀቱን ዘረጋና፣ «ቅርሳችንን ለማዳን ነው» አለ።

እማማ እስክሪብቶውን ተቀበሉት። «እፈርማለሁ። እኔም ስሙን እወደዋለሁ። መጀመሪያ ግን፣ ልጄ፣ ነፍስህ እንዴት ናት?»

ወረቀቱን አጠፈ። ያንን ጥያቄ ስንት ዓመት ሌላውን ሲጠይቅ ኖሯል!

«ታማለች፣ እማማ» አለና አለቀሰ። አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያጫውታቸው ዋለ። ያን ቀን ማንም አልፈረመም።

ወገኖቼ፣ ስለ ስሙ አንከራከር እያልኩ አይደለም። እኔም ወገን አለኝ፤ ታውቁታላችሁ። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፦ ቅርሳችሁ የት ነው ያለው? በሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ነው ወይስ በእማማ ዘርፌ አፍ? በዚህ ሁሉ ክርክር መሐል ከጎናችሁ ማን ጎደለ? ስንት ረቡዕ ሆነው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ስብሰባ አትሂዱ። ወደ ጎደለው ሰው ቤት ሂዱ። በሩ እስኪከፈት ቁሙ። ጠይቁት።

ምናልባት እሱ ቀድሞ ይጠይቃችሁ ይሆናል። መልስ ይዛችሁ ሂዱ።