መስመር የሌለው ጊታር

«አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው ቤዝ ጊታር መምታት ነበር» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ የዕድሩ አዲስ ዳኛ ጥያቄውን ጠይቆ ሲጨርስ።

የዳኛው ስም ማንያዘዋል ነው። ከመሾሙ በፊት ሰፈሩ ሁሉ ይወደው ነበር። በቅርቡ ሁለት ቤት በአንድ ቀን ለቅሶ ገባና ትልቁን ድንኳን ለአክስቱ ቤት፣ ትንሹን ለአንዲት ብቸኛ መበለት ላከ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በክፉ ይነሳ ጀመር። «ጋሼ፣ ሹመት ሰውን ይለውጣል እንዴ? እኔ እኮ ያው የድሮው ማንያዘዋል ነኝ። እሑድ በስብሰባው ላይ ሹመቱን ላስረክብ? ወይስ ማንም አፉን እንዳይከፍትብኝ ጥብቅ ደንብ ላውጣ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ይርዳው ከአንድ የእጅ መጋዝ ተነስተው የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት የከፈቱ፣ ሳይቆጥሩ የሚያልፉት ነገር የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን እንዲህ ቀጠሉ።

ቤዝ መቺው ክንዱ አጭር ነበር። ሙያውን የተማረው በሰው ጊታር ነው። የጊታሩ አንገት ረጅም ስለነበረ እየተንጠራራ ነው የለመደው። በኋላ እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲያድርለት ክራርና ጊታር ወደሚሠራ አናጢ ሄዶ በልኩ አሠራ። ገላው ዋንዛ፣ ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ፊት ወይራ ሆነ። አንገቱ አጠረ። በሌላው ጊታር ላይ ለጣት ድንበር የሚሆኑት ቀጫጭን የብረት መስመሮች፣ ፍሬት የሚሏቸው፣ በዚህኛው አልገቡም። «የማሲንቆ መቺ ልጅ ነኝ። ማሲንቆ መስመር የለውም። ጆሮዬ ይበቃኛል» ብሎ እሱው ራሱ ነው ያስቀረው።

ክሩ አራት ነበር። ከክሩ ሥር ተቀምጦ ድምፁን እየለቀመ ወደ ማጉያው የሚልከው ፒክአፕ ግን ከአሮጌ ጊታር የተፈታ ደካማ ዕቃ ነበር። በዚህ ጊታር በየሠርጉ ሲመታ ኖረ። ድምፁ ከወለል በታች በርሜል የሚንከባለል ይመስል ነበር፤ ደረት ይነዝራል እንጂ ምን እንደተመታ አይለይም። ሰዉ «እሱ ሲኖር ሙዚቃው ይሞላል» ይለው ነበር። እሱም ምስጋናውን ተቀበለ፤ መርምሮ ግን አልተቀበለም።

አንድ ቀን የባንዱ አለቃ ጠራው። «ወንድሜ፣ አሁን የምንገባበት አዳራሽ የሠርግ ድንኳን አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚያዳምጠው። ድምፅህ እንዲህ ታፍኖ ከቀረ ሌላ ሰው መፈለጌ አይቀርም።»

ቤዝ መቺው ደነገጠ። ከጊታር ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም። ወዲያው ወደ አናጢው ሄደ። ለስላሳውን አሮጌ ክር አስወጥቶ ሸካራ አዲስ የብረት ክር አስገባ፤ ደካማውን ፒክአፕ አስነቅሎ ኃይለኛ አስተከለ። እዚያው ሱቅ ውስጥ አንዱን ክር ነካ ሲያደርገው መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች ተንጫጩ። ሰውየው ሳቀ። «ይኸው! ይኸው ድምፄ!» አለ።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ትዝታ ጀመሩ። ዘፋኟ ብዙ ያየች ሴት ናት። ግጥሟን ሳትጨርስ አቆመች።

«ወንድሜ፣ እኔ ትዝታ እየዘፈንኩ ነው። አንተ ምን እየመታህ ነው?»

«ትዝታ ነዋ።»

«ታዲያ ምን ሽቅብ ይጎትተሃል? አንገቴን ይዘህ ልታንጠለጥለኝ ነው?»

ድራመሩ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ተዪው እትዬ፣ ገና ዛሬ አፉን መፍታቱ ነው። እኔማ እስከ ዛሬ ማጉያው ታሞ የሚያቃስት ይመስለኝ ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። አለቃው ብቻ አልሳቀም።

ቤዝ መቺው ቤቱ ገብቶ በንዴት ክሩን ወይራው ላይ እየደፈጠጠ ሲለማመድ ሰነበተ። በጫነው ቁጥር ስህተቱ ጎልቶ ወጣ። በመጨረሻ ጊታሩን ተሸክሞ ወደ አናጢው ተመለሰ።

«ያስገባህብኝ ነገር ድምፄን አበላሸው» አለው።

«የድሮውን ልመልስልህ?»

«ያን ብትመልሰው አለቃው ያባርረኛል። መስመር አስገባበት። መስመር ያለው ጣት አይስትም።»

«አንገቱ አንዴ ከተሰነጠቀ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ኋላ እንዳትወቅሰኝ።»

«አልወቅስህም። ሰንጥቀው።»

አናጢው ትከሻውን ነቀነቀ። ጊታሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሞርሳ በሚሉት የብረት መቆንጠጫ አሰረው። ማስመሪያውን አጋድሞ መስመሮቹ የሚገቡበትን ቦታ እየለካ በጠመኔ ምልክት አደረገ። መጋዙን አንስቶ ጎንበስ ሲል ግን ቆመ።

«ና እስቲ ይህን እየው።»

በየጠመኔው ምልክት አጠገብ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ወይራው ላይ ጠባሳ ነበር። ሸካራው ክር ጣቱ በተጫነበት ሁሉ እንጨቱን ነክሶታል። ጠባሳው አንድም ቦታ ላይ ከምልክቱ ጋር አልገጠመም። ሁሉም ልኩን አልፈው ነበር።

«የቱ ላይ ልሰንጥቅልህ?» አለ አናጢው። «በልኩ ላይ ነው ወይስ ጣትህ በለመደው ላይ?»

ሰውየው አጎንብሶ አየ። በልኩ ላይ ቢሰነጠቅ፣ ጣቱ መስመሩን ተሻግሮ የጎረቤቱን ድምፅ ያወጣል። በጠባሳው ላይ ቢሰነጠቅ ደግሞ ስህተቱ ብረት ሆኖ ይቀራል። ጊታሩ ካጠረ ስንት ዘመኑ! እጁ ግን ዛሬም በዚያ በሰው ረጅም ጊታር ላይ እየተንጠራራ ነበር። አዲሱ ክር ስህተት አላመጣበትም። አሮጌው ክር ሲሸፍንለት ኖሮ ነው።

«ወስን እንጂ፤ ሥራ አለኝ» አለ አናጢው መጋዙን እንደያዘ።

ሰውየው ሞርሳውን በገዛ እጁ ፈታ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዘፋኟ ቤት ሄደ። «እትዬ፣ አንቺ ዝፈኚ፤ እኔ ልከተልሽ። ጣቴ ልኩን ሲያልፍ እጅሽን አንሺልኝ።»

«ክንዴ ይዝላል» አለችው።

«ይዛል።»

እውነትም ዛለ። መጀመሪያ ላይ እጇ ጨርሶ አይወርድም ነበር። እየዋለ እያደረ ግን የሚያርፍበት ጊዜ እየበዛ ሄደ። አዳራሹ የተከፈተ ዕለት ረጅሙን ትዝታ ስትዘፍን እጇ ከጎኗ አልተነሳም። መሐል ላይ ብቻ አንዲት ጣቷ ብድግ አለች። እሱ ግን ጣቷን ሳያይ በፊት ሰምቶት ኖሮ ጣቱን ሸርተት አድርጎ መልሶ ነበር። የተቀመጠው ሰው ስህተት መሆኑን አላወቀም፤ እንዲያውም አንዳንዱ «ወይ ጉድ!» አለ። መስመር ያለው ጊታር ቢሆን እንዲያ መንሸራተት አይቻልም ነበር። አለቃውም ሌላ ሰው መፈለጉን ከዚያ በኋላ አላነሳም።

ጋሽ ይርዳው ይህን ተናግረው ወደ ማንያዘዋል ዞሩ።

«ዳኝነቱ አዲሱ ክርና አዲሱ ፒክአፕ ነው። አንተን አልለወጠህም፤ አሰማህ እንጂ። ብታስረክብ አሮጌውን ክር መልሰህ ማሰርህ ነው፤ ሰዉ ይወድሃል፣ ጣትህም እንደሳተ ይኖራል። ጥብቅ ደንብ ካወጣህም በልኩ ላይ ካሰመርከው አንተው ቀድመህ ትሻገረዋለህ፤ በልማድህ ላይ ካሰመርከው ደግሞ ያንተ አድልዎ የዕድሩ ሕግ ይሆናል።»

«ጋሼ፣ እኔ ከዚያ በፊት አዳልቼ አላውቅም» አለ ማንያዘዋል።

«ከመሾምህ በፊት በየለቅሶው ትሪ ይዘህ ታስተናግድ ነበር አይደል? እኔ ማዕዘኑ ላይ ተቀምጬ ሁሉን እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ትሪ አንድም ቀን ሳይስት ዘመዶችህ ወደተቀመጡበት ነበር የሚሄደው። መበለቲቱ ከበሩ አጠገብ ነበረች፤ እሷ ጋ ሲደርስ ወጡ ያልቃል።»

ማንያዘዋል አንገቱን ደፋ። «ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለ።

«ድምፅህ አይሰማም ነበራ! ትሪ ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ድንኳን ሆነ።»

ጋሽ ይርዳው ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «እሑድ አታስረክብ። መጀመሪያ ወደ መበለቲቱ ቤት ሂድ። ስብሰባው ላይ እኔ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ፤ ስታልፍ እጄን አነሳልሃለሁ።»

«ክንድዎ እንዳይዝል ጋሼ።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አሉ። «አንተ ሳላነሳው በፊት ለመስማት ሞክር።»