ደብተር የያዘው ወንድም

በ1996 ዓ.ም. ዝናቡ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጣ። አንድ ሰው ነበረ። አባቱ ሲሞት አንድ ተዳፋት ማሳ ለእሱና ለታላቅ እህቱ ትቶላቸው ነበር። ሰውየው ያርሳል፤ እህቱ ታርማለች፤ አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስደው ድንጋይ ትክባለች። አዝመራው ሲገባ እኩል ይካፈላሉ። ባሏ ሞቶባት ስለነበር ከዚያ ማሳ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

በዚያ ዓመት የመሬት ኮሚቴ መጥቶ ማሳውን ለካ። እህቱ ታማ ተኝታ ነበርና የመሬቱ ደብተር በሰውየው ስም ብቻ ወጣ። እሷም ወንድሜ ነው ብላ ዝም አለች።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ነጋዴ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ማሳውን ለረጅም ዘመን ልከራይ አለ። ሰውየው ልቡ ከጀለ። ስሙ የእኔ ከሆነ መሬቱም የእኔ ነው ብሎ፣ ለእህቱ ሳይነግር ነጋዴውን ማሳው ድረስ ወሰደው።

ነጋዴው ወደ ላይ ወደ ታች ብሎ አየ። ካቡን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም።

«አያ፣ የጎረቤቶችህ አፈር ታጥቦ አልቋል፤ የአንተ ግን እንዳለ ነው። ይህን ካብ ማን ካበው?»

ሰውየው «እኔ» ሊል አፉን ከፈተ። ድንጋይ ያሻከረው የእህቱ እጅ ታየው።

«እህቴ» አለ።

«ታዲያ ምነው ብቻህን መጣህ? ነገ ዱላ ይዛ ችግኜን ስትነቅል አንተ ልታስታርቀን ነው?»

ሰውየው አፈረ። ነጋዴውን እዚያው አቁሞ እህቱን ጠርቶ መጣ።

«እታለም፣ ይህ ሰው መሬታችንን ልከራይ ይላል። ምን ትያለሽ?»

«ዛሬ ገና መጠየቅ ጀመርህ?» አለችው። «የባሕር ዛፍ ሥር ካቤን ያፈርሰዋል። ይልቅ ለክረምት ባቄላ እንዝራበት።»

ነጋዴው ስቆ ተሰናበታቸው። ሰውየው በማግስቱ ኮሚቴው ዘንድ ሄዶ የእህቱን ስም ከስሙ ጎን አስጻፈ። በክረምቱም ባቄላ ዘሩ፤ አማረላቸው።

ይህን ታሪክ ለልጁ ያወራ የነበረው አባት ወደ ልጁ ዞረ።

«ደብተሩ በስሜ ነው፤ መሬቱን ሳከራይ እህቴን ለምን እጠይቃለሁ አልኸኝ። ያ ሰው አንተ ነህ። ስምህ የተጻፈው ለሁለታችሁ እንድትይዝ ነው፤ እሷን እንድታስወጣበት አይደለም።»

«አባባ፣ የእኔ እህት እኮ ካብ አልካበችም።»

«አንተስ መች ካብህ?» አለው አባቱ። «መሬቱን የሰጠሁት ለሁለታችሁ ነው።»

ልጁ ሳቁ አመለጠው። መሬቱን ሊከራይ የመጣውን ሰው መጀመሪያ እህቴን ላነጋግር አለውና ወደ እሷ ቤት ሄደ።