የሹሙ ሽቦ

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ አቶ ተሻገር የሚባሉ ሹም ነበሩ። ለዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ በባትሪ የሚሠራ ሞተር ቢመጣ፣ «ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው» ብለው ሽቦውን በገዛ እጃቸው ገጠሙና፣ ሕዝብ እያየ ከፊተኛው ወንበር ላይ ጉብ አሉ። ሞተሩ ሲነሣ ግን ጀልባዋ ወደ ኋላዋ ሸሽታ ሸንበቆ ውስጥ ተወሸቀች።

ወዲያው እዚያው ዳር ሬዲዮና ካውያ የምትጠግን አንዲት ሴት ተጠራች። ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩም በቀዩ ቦታ ታስሯል።

«ጌታዬ፣ ሽቦው ተገላብጧል። ወደ ኋላ የወሰደዎት እሱ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ሹም የገጠመው ሽቦ አይገለበጥም» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማቸው። «እኔ የነካሁትን ሳትነኪ ጀልባዋን ወደ ፊት አስኪጂ። ካቃተሽ ከነገ ጀምሮ እዚህ ዳር መፍቻ ይዘሽ እንዳላይሽ።»

ሴትዮዋ ከመፍቻዋ ሌላ እንጀራ የላትም። እሱኑ መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አድርጋ፣ አሁንም ከጀልባዋ ፊተኛ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሹም ትክ ብላ አየቻቸው።

«እንግዲያው ጀልባዋስ ደኅና ናት፣ ጌታዬ» አለች። «እርስዎ ዞር ብለው ይቀመጡ።»