እመቤታችን ስለ አዛለች ግራ እጅ ያደረገችው
የብርሃን እናት ማርያም ያደረገችውን ስሙ፤ ልመናዋ በየደጃፋችሁ ትቁም።

በአንዲት ደብር አጠገብ አዛለች የምትባል የዘጠኝ ዓመት ብላቴና ነበረች፤ እናትና አባቷ ሞተውባት ከአክስቷ ከወይዘሮ ደብሪቱ ዘንድ ትኖር ነበር። መልአኩ እመቤታችንን ሐርና ወርቅ ስትፈትል አገኛት ሲባል ሰምታ ነበርና፥ በየማለዳው «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ሳትል እንዝርት ላትጨብጥ ተስላ ነበር። ግን ግራኝ ነበረች።

ከዚያም ለኅዳር ጽዮን የመቅደሱ መጋረጃ ሊታደስ ሆነና ሴቶች ሁሉ ለፈትል ተሰበሰቡ፤ አዛለችም ከሁሉ የቀጠነውን ፈተለች። በጾም ብዛትና በሐሜት የሚተካከላት ያልነበረ ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ልቃቂቱን ነጥቃ አመድ ላይ ጣለችውና «የግራ ፈትል የጠንቋይ ነው! መቅደስ ልታረክሺ? እግዜር አንቺን ሲሠራ ተሳስቷል!» አለቻት። እግዜር ይሳሳታል! ይህን ያለው እኮ የቆረበ አፍ ነው! ከዚያም የልጅቱን ግራ እጅ ከወገቧ ጋር በጠፍር ጠፍራ «በቀኝሽ እስክትፈትዪ አይፈታም» ብላ ከቤት ትታት ቅዳሴ ሄደች፤ አዎን፥ ቅዳሴ።

ብላቴናይቱም በቀኟ ብትሞክር ፈትሉ ይበጠሳል፤ የታሰረችውም እጅ እየጠቆረች ሄደችና «እመቤቴ፥ በስሕተት የተሠራሁ ከሆንኩ ይህችን እጅ ውሰጂልኝ» ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ አንዲት እንግዳ ሴት ገባችና ጠፍሩን ብትዳስሰው እንደ ሸረሪት ድር ተበጣጠሰ፤ የጠቆረችውንም እጅ ብትስማት ደም ተመለሰባት። «አንድያ ልጄ እጅ ሲሠራ ከሌላ ቀድቶ አያውቅም፤ ይህችን ለአንቺ ብሎ ሠራት፥ አይቶም ወደዳት» አለቻት። እንዝርቱንም አንሥታ በግራ እጇ ትፈትል ጀመር።

ወይዘሮ ደብሪቱም ከሴቶቹ ጋር ስትመለስ አየቻትና ከደጅ ጮኸች፦ «አንቺ ደግሞ ማነሽ? አንዷ ሳታንሰኝ ሁለተኛ ግራኝ ከቤቴ!»

እንግዳይቱም ቀና ብላ «ደብሪቱ፥ ገብርኤል ሲያበስረኝ እንዝርቴ በየትኛው እጄ እንደነበረ ቆመሽ አይተሻልን?» አለቻትና ተሰወረች።

ደብሪቱም በዚያ ሁሉ ሴት ፊት በእንብርክኳ ሄዳ የልጅቱን ግራ እጅ እየሳመች «ማሪኝ፥ እናቴ» አለቻት። መጋረጃውም በአዛለች ፈትል ተሠርቶ ተሰቀለ፤ ያዩትም እግዚአብሔርንና እናቱን አመሰገኑ።

ልጅን «ስሕተት» የሚል ሁሉ ምላሱን ይሰብስብ። እናንተን ግን፥ ይህን የሰማችሁትን፥ እመቤታችን የልጆቻችሁን እጅ ትሳምላችሁ፥ ቀኙንም ግራውንም፤ ለዘለዓለሙ አሜን።