ጃርት ልዕልት የሆነች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ክረምት በወጣ ቁጥር ተሰብስበው የሚያዩት የዘፈን ቴአትር ነበራቸው። «የምንጯ ልዕልት» ይባላል። ልዕልቷ ዘፍና የደረቀውን ምንጭ ታፈልቃለች፤ ከዚያ ንጉሥ አንበሳ የጣለው ጎሽ ይበላል። ልዕልቷን ሆና የምትጫወተው ሁልጊዜ ሚዳቋ ነበረች። በዚያ ዓመት ግን አዘጋጇ እመት ጦጢት ቴአትሩን እንደ አዲስ ልሥራው ብላ ሁሉንም በድምፅ ፈተነችና ልዕልትነቱን ለጃርት ሰጠቻት።

ወሬውን ለአያ ጅቦ ያደረሰለት ቀበሮ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ አያ ጅቦ ቴአትሩን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ልማዱ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ለአጥንቱ መነሳት ነበር። ቢሆንም ፀጉሩ ቆመ።

«ጃርት? ያቺ እሾሃም ልዕልት?»

«እኔማ ምን አቅም አለኝ» አለ ቀበሮ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። «እንዳንተ ያለ ወግ አዋቂ ዝም ካለ ግን ነገ ዔሊ ንግሥት ናት ይሉናል። ውጣና ማልባቸው!»

አያ ጅቦ ወግ አዋቂ ተብሎ አያውቅምና ደስታው አሰከረው። እየሮጠ ወንዝ ወረደና ድንጋይ ላይ ወጣ።

«ስሙኝ! እኔ በዚህ ቴአትር ነው ያደግሁት! ልዕልት ማለት አንገተ ሰላላ፣ ዓይነ ትልቅ ናት! አባቶቻችን ያወረሱን ይህንን ነው!»

«መጨረሻው ምን ነበር አያ ጅቦ?» አለች ዔሊ።

አያ ጅቦ አሰበ። «መጨረሻው... ጎሽ ነው።»

ግማሹ ሳቀ። ግማሹ ግን እሱም ከዚያ በላይ ስለማያውቅ አጨበጨበ። ዝንጀሮም ተነስቶ «እኔ ጃርትን ጠልቼ አይደለም፤ ጎረቤቴ ጃርት ናት፣ ክፉ አይወጣኝም፤ ግን ሁሉም በየቦታው ነው የሚያምረው» አለ። ጭብጨባው ሲደምቅ አያ ጅቦ ልቡ አበጠና ጮኸ፦

«ጃርት የዘፈነችበትን ድግስ ብቀምስ የአህያ ሥጋ እርም ይሁንብኝ!»

ለጅብ ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም። ከኋላ የቆሙት አህዮች ጆሯቸውን አቆሙ።

ቀኑ ደረሰ። ቀበሮ ከፊት ተቀመጠ። አያ ጅቦ ቁጣው እንዲታይለት መግቢያው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ዘፈኑ ተጀመረ። ድምፁ አንጀት ይበላል። አያ ጅቦ መጀመሪያ እግሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ከተቀባዮቹ ጋር ማዜም ጀመረ፣ በመጨረሻ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«አይ ሚዳቋ!» አለ። «ልብ ገዝተው ጃርቷን አባረሯት! የልዕልት ድምፅ ማለት ይሄ ነው!»

«እኔ እኮ እዚህ ነኝ አያ ጅቦ» አለች ሚዳቋ ከጎኑ። «ቦታ ሞልቶብኝ ነው ከውጭ የቆምኩት። ዝም በል እስቲ፣ ልስማበት።»

ዞሮ አየ። ጃርት እሾኋን ዘርግታ ትወዛወዛለች፤ እሾኋ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። አያ ጅቦ እንባውን ጠረገና «አሁን ሳየው፣ ድምፁ ትንሽ ይጎረንናል» አለ።

ጎሹ ቀረበ። ሽታው ሲመጣ የአያ ጅቦ ሆድ ከዘፈኑ በላይ ጮኸ።

«ጃንሆይ» አለ ንጉሥ አንበሳን፣ «እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ያላየሁት ነገር እንዳልተደረገ አይቆጠርም?»

«መሐላህን ሁላችንም ሰምተናል። እንደፈቀድክ» አለ አንበሳ።

«ተው አያ ጅቦ!» አለ ቀበሮ፣ ለአያ ጅቦ ይሰጥ የነበረውን የታፋ አጥንት እየጋጠ። «ወግ አዋቂ አይደለህ እንዴ?»

በዚህ ጊዜ እመት አህያ ሁለት አጥንት ይዛ መጣች። ከኋላዋ የአገሩ አህያ ሁሉ አጥንት አጥንቱን ይዞ ተሰልፏል።

«በሞቴ አያ ጅቦ! አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል። እምቢ እንዳትለኝ፣ በልጆቼ ሞት!»

አያ ጅቦ በዕድሜው እንዲህ ተለምኖ አያውቅም። አጥንቱን አየ፤ የእመት አህያን ታፋ አየ፤ እንደገና አጥንቱን አየ። ሆዱ አሸነፈና ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። አህዮቹ እልልታውን አቀለጡት።

«ሌላ ጨምሩልኝ» አለ አያ ጅቦ።

«አልቋል» አለ ቀበሮ ከንፈሩን እየላሰ። ተሰልፈው የነበሩት አህዮችም አጥንታቸውን ለቀበሮ ቡችሎች ወርውረው ሄደዋል፤ አንድ ጉርሻ በቂያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አህዮቹ እስከ አያ ጅቦ ጉድጓድ ደጃፍ ድረስ መጥተው ያለ ስጋት ይግጣሉ። እየጋጡም የጃርትን ዘፈን ያወጣሉ። እሱም ምን ያድርግ፣ በባዶ ሆዱ ከውስጥ ሆኖ ይቀበላቸዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳያይ የሚነቅፍ ሰው ጩኸቱ ለቀበሮ ሲሳይ፣ ለራሱ ግን ጦም ማደር እንደሚሆንበት ነው።