ፀጉራሙ ጠባቂ

ተረት ተረት፤ «የላም በረት» ባትሉም ስሙ።

አንዲት ውሻ ማሽላ ከዝንጀሮ ስትጠብቅ አረጀች። ባለማሳው እንግዳ ያደነቀውን ቡችላ ብቻ እያስቀረ ስላራባ፣ ጥበቃውን የተረከበው የልጅ ልጇ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ የወረደ፣ በየጠዋቱ የሚበጠር ነበር።

ማሽላው ሲደርስ ዝንጀሮዎች መጡ። አንዷ ጠጋ ብላ፣ «የኔ ጌታ፣ እንዴት ታምራለህ! ላበጥርህ?» አለችው።

«ቀስ በይ፣ ጆሮዬ ሥር ያመኛል» ብሎ ተጋደመ። ሌሎቹ ማሽላውን ይሸመጥጡ ጀመር።

አሮጊቷ ውሻ ከደጅ ሆና፣ «ተነስ አንተ! የዓመት ቀለባችን ነው!» ብላ ጮኸች።

«ዝም በይ እማማ፣ እየተበጠርኩ ነው።»

ባለማሳው ሲደርስ የቀረው አገዳው ብቻ ነበር። እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆመ። ቆይቶ ግን የውሻውን ፀጉር ዳሰሰና፣ «እንዲህ አምሮበትማ ሚስት እንፈልግለት» አለ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን የምታብሱበት ዳቦ ግን ዘንድሮ የለም።